ሳልጠይቅ ያነሳሁት ፎቶ

እኛ የደረስነው በረዶው በወረደ በአሥረኛው ቀን ነው። ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ደብረ ኤልያስን አለፍንና መኪናዋ ከዋናው መንገድ ወጥታ በጭቃው ላይ ስትንሸራተት፣ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ሰው ተኝቶበት ያደረ ይመስል ነበር። ስንዴው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ በላዩ ያልፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። እኔ ከኋላ፣ በብርድ ልብስ እስሮች መካከል ተወሽቄ፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ነገር ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ አያለሁ። ዛሬም ያን አገር ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣልኝ እንዲያ ሆኖ ነው፤ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ እግሬ መሬት የማይነካበት።

ሥራው ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሁለት ዓመት እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ የእርዳታ ድርጅት በረዶ ለመታቸው ቀበሌዎች በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ተመዘገብሁ። ከመውጣታችን በፊት አንድ ቀን ሙሉ ሥልጠና ሰጡን። አሠልጣኛችን በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። የሥነ ምግባር ደንቡን አንድ በአንድ እያነበቡ አስረዱን። ከተረጂ ስጦታ አትቀበሉ፤ እርዳታ ስለ ሰጣችሁ ከማንም ምንም አትጠይቁ፤ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ፤ የሰው ገመና አታውጡ፤ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ አታንሡ፤ ጥፋት ስታዩ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ አሳውቁ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ የእሳቸው ድምፅ ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ ያባብለኛል። ይህን ማን ያጠፋዋል፣ ሁሉም ግልጽ አይደለም ወይ፣ እያልሁ ነበር በልቤ። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ፈረምሁና ለጎረቤቴ አሳለፍሁት።

ብርድ ልብሱን ያደልነው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ነው። የኔ ድርሻ ስም መጥራትና የተቀበለውን ሰው በመዝገቡ ላይ ምልክት ማድረግ ነበር። የቀበሌው የእርዳታ ኮሚቴ አባል የሆነች አንዲት ባለትዳር ገበሬ ከጎኔ ቆማ ሰዎቹን ታሳየኛለች። ሁሉንም ታውቃለች፤ የማን ላም እንደሞተች፣ የማን ጣራ እንደተበሳ፣ ማን ሳይናገር እንደሚራብ። ሰልፉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ከመጨረሻ አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አየሁ።

«የኔታ ናቸው» አለችኝ ቀስ ብላ። «የቅኔ መምህራችን። በረዶው የተማሪዎቹን ጎጆ ሁሉ አፈራርሶ የእሳቸውንም ጣራ ወሰደው።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የኔታ፣ ኧረ ወደፊት ይምጡ! እርስዎ እንዴት ከኋላ ይቆማሉ?» አለች።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉ፤ ከቆሙበትም አልተነቃነቁም።

ተራቸው ሲደርስ ጉሙ ተከፈተ። እንዲያው ነው የተከፈተው፤ አንድ ሰው በር እንደሚከፍት። ጠዋት ሙሉ ያላየነው ፀሐይ በግቢው ላይ ወረደና የሁሉም ሰው ጋቢ በአንድ ጊዜ አበራ። የኔታ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ወደ ግንባራቸው አስጠጉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ብዕሩን መዝገቡ ላይ ጥዬ ስልኬን አወጣሁና አነሳኋቸው። ማንሳቴን እንኳ በደንብ የማውቀው አይመስለኝም። ያየሁት ነገር እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ዓይናቸውን ሲገልጡ ስልኩ ኪሴ ገብቷል።

ወደ ከተማ ስንመለስ ፎቶውን የቡድናችን ቴሌግራም ላይ ለጠፍሁት። ሁሉም ልብ ላከልኝ። በማግሥቱ የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ዘወትር የሚቻኮል ደግ ወጣት፣ ደወለልኝ።

«ይኼን ፎቶ አንቺ ነሽ ያነሳሽው? በጣም ነው የሚያምረው! ልንጠቀምበት ነው። ፈቃድ ወስደሻል አይደል?»

«አዎ» አልሁት።

ያን «አዎ» ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አልተጨነቅሁበትም፤ አልተንተባተብሁም። ሰው ደህና ነህ ሲሉት አዎ እንደሚል ያህል ቀላል ነበር። ብጠይቃቸው ኖሮ መቼም እምቢ አይሉም ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ፎቶው ተባዝቶ በድርጅቱ ድረ ገጽ ወጣ። ደብረ ማርቆስ ባለው ቢሮ መግቢያም ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሆኖ ተሰቀለ። ከሥሩ «የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም» የሚል ተጽፎበታል። እናቴን ወስጄ አሳየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ አየችው። «እኚህ አባት መልካቸው እንዴት ያረጋጋል» አለች። እኔ እዚያ ስቆም ያን ፀሐይ መልሼ አይ ነበር። ደስ የሚል ሰሞን ነበር፤ በየመንገዱ ስሄድ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያልሁ ይመስለኝ ነበር።

በኅዳር የድንች ዘር ልናከፋፍል ወደዚያው ቀበሌ ተመለስን። ጉም የለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ማሳው ደርቋል። ያቺ የኮሚቴ አባል እንደ ልማዷ ከጎኔ ቆመች። በሥራው መሃል የኔታ ደህና መሆናቸውን ጠየቅኋት።

«ምን ደህና አሉ! በስልክ ፎቷቸው ወጣ አሉ፣ ብርድ ልብስ ሲቀበሉ። እኔ አላየሁትም፤ የሩቅ ሰው ነው ያየው። በየአገሩ ያሉት የድሮ ተማሪዎቻቸው መምህራችን ለማኝ ሆኑ ብለው አለቀሱ። አንዱ ከመርጡለ ማርያም ድረስ እህል አስጭኖ መጣ። የኔታ አልቀበልም ብለው መለሱት፤ ሰውየውም ተቀይሞ ሄደ። የባሰው ደግሞ የተማሪዎቹ አባቶች ናቸው። መምህሩ ከተራቡ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው አሉና እየመጡ ወሰዷቸው። ግማሾቹ ሄዱ። ቅኔ ቤቱ ጭር ብሏል።»

«ማን ነው ያነሳቸው?» አላለችኝም። እኔ መሆኔን አታውቅም። እጄ ላይ የነበረውን መዝገብ አየሁት፤ ፊደሎቹ እየራቁ ሄዱብኝ። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። የሚቀጥለውንም። ሥራው እስኪያልቅ ጠራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በውኃ ውስጥ እንደመሄድ ነበር። ሰዎች ያወሩኛል፤ ድምፃቸው ዘግይቶ ይደርሰኛል። ቢሮ በገባሁ ቁጥር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከግድግዳው ላይ ይቀበሉኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይህን ደጋግሜ አሰብሁት። ሰልፉ ላይ ስልክ የያዘ ሰው ብዙ ነበር፤ ፎቶው ላይ ደግሞ የድርጅቱ ስም እንጂ የኔ ስም አልተጻፈም። የሚያሳፍረኝ ይህን ማሰቤ ብቻ ሳይሆን፣ ማሰቡ ራሱ የሚያሳርፈኝ መሆኑ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ እንኳ ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ከደብረ ኤልያስ በኋላ ጥቂት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ።

የኔታን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጭራ ዝንብ ሲከላከሉ ነው። የዕለቱ የትምህርት ጉባኤ ተፈትቷል። ጎጆዎቹ አንዳንዶቹ አዲስ ሣር ለብሰዋል፤ አንዳንዶቹ አጥንታቸው እንደወጣ ቆመዋል።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ብርድ ልብስ ሲታደል የመጣሁት ነኝ። ከድርጅቱ።»

«አወቅሁሽ፤ ስም ስትጠሪ የነበርሽው ነሽ። ጥሩ አድርገሽ ነው የምትጠሪው፤ የሰው ስም አትበይም ነበር። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥሁም። ብቀመጥ የምናገረው አልመሰለኝም። «የኔታ፣ በስልክ የዞረውን ፎቶዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልጠየቅሁዎትም። ቢሮው ሲጠይቀኝ ደግሞ ፈቅደዋል ብዬ ዋሸሁ።»

ጭራቸው ከወዲያ ወዲህ ማለቱን አቆመ።

«አሁን ይዘሽዋል?»

«አለ፤ ስልኬ ላይ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ። ሁሉም አይቶት እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።»

ስልኩን ከፍቼ ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት። መብራቱ ሲጠፋ መለሱልኝ፤ አብርቼ ሰጠኋቸው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ይቆጣል ብዬ የጠበቅሁት ፊታቸው ቀስ እያለ ሌላ ሆነ።

«አባቴን መሰልሁ» አሉ። «እሱ ሲሞት ልጅ ነበርሁ። መልኩን ረስቼው ነበር።»

ከታች ከመስኩ የላም ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መሰለኝ፤ እንዲያውም ስጦታ ያመጣሁላቸው ያህል ልቤ ቀለለኝ።

«ለምን አነሳሽው?» አሉኝ።

«ስለሚያምር ነው የኔታ። እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ አይቼ።»

«አላመሰገንሁም» አሉ ስልኩን እየመለሱልኝ። «ያስተማርኋቸው ሰዎች እንዳያዩኝ ነበር የምለምነው።»

ያኔ ተቀመጥሁ። አለቀስሁ። አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ሳበቃ እንዲህ አሉኝ፦

«ልመና አያሳፍረኝም፤ እንዳይመስልሽ። ቅኔ ስማር ስንት ዓመት በየደጁ ቁራሽ ለምኛለሁ። ግን ለምኜ ስጨርስ ጎጆዬ እገባ ነበር፤ በሬን ዘግቼ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ቅኔዬን አስባለሁ። በዚህ ሥዕል ውስጥ መግቢያ የለኝም። ሁልጊዜ እጄን ዘርግቼ እንደቆምሁ ነኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ። ግን አውርዱልኝ።»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ያዝሁት። «አስወርደዋለሁ ብዬ ቃል ልገባልዎት አልችልም፤ በእጄ አይደለም። እንዲወርድ እጠይቃለሁ። የሆነውን ግን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይኼ ይሻላል» አሉ። «ፎቶው ከወጣ ወዲህ አስጠፉልኝ ያልሁት ሰው ሁሉ እሺ ብሎኝ ነው የሄደ።»

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የነገርሁት ለሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ ነው። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም፤ ፊቱ ብቻ ተለወጠ። «እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ቀልዶ አያውቅም። እሱንም እንደበደልሁ ያኔ ነው የገባኝ።

ሥራ አስኪያጁ ግን ነገሩን ቀላል አደረጉት። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ «ፎቶው ክብር ያለው ፎቶ ነው፤ ምን ነውር አለበት?» አሉ። «ይልቅ የፈቃድ ቅጹን ያዢና ሂጂ፤ አስፈርሚያቸው። ይቅር ብለውሽ የለ? አይከለክሉሽም። ቀኑን ወደ ኋላ አድርጊው፤ በቃ ያልቃል።»

ቅጹን ሰጡኝ። ይዤው ወጣሁ። በኮሪደሩ ስሄድ ወረቀቱ በጣም ቀላል ነበር፤ የያዝሁትም አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ልሄድና ላስፈርማቸው ነበር። እንደሚፈርሙልኝ አውቃለሁ። እንዳልቸገር ብለው፣ አዝነውልኝ ይፈርማሉ። ያቆመኝም ይኸው ነው፤ ከእሳቸው ሁለተኛ ጊዜ ልወስድ መሄዴ። መጀመሪያ ሳያውቁ፣ አሁን ደግሞ ደግነታቸውን ይዤ። ተመልሼ ወደ አሠልጣኛችን ክፍል ገባሁ። የሠራተኛና የተረጂ አቤቱታ የሚቀርበው ለእሳቸው ነበር።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ቅጹንም ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት።

«ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ይህን ስጽፈው የአንቺም ጥፋት አብሮ ይጻፋል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፤ አሁን እየጻፍሁ ነው።»

ነገሩ ወር ያህል ፈጀ። ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተው ጠየቁን። ከግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ወረደ፤ ከድረ ገጹም ወጣ። በየሰዉ ስልክ የገባውን ግን ማንም ሊሰበስበው አልቻለም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ለጥቂት ወራትም መስክ እንዳልወጣ ተከለከልሁ። ሥራ አስኪያጁም ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል ይባላል፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ሳይሰሙ የሚያልፉ መሰሉ። ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ በራስሽ ላይ ጉድጓድ ምን አስቆፈረሽ አሉኝ። ጀግና እንደሆንሁ አልተሰማኝም፤ ደክሞኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ዝርዝር ስገለብጥ ውዬ፣ እግሬን እየጎተትሁ እቤቴ እገባለሁ።

በጥር አሠልጣኛችን የይቅርታ ደብዳቤ ይዘው ወደ የኔታ ሲሄዱ እኔንም አስፈቅደው አስከተሉኝ። የኔታ ደብዳቤውን ቆመው ተቀበሉ፤ ተቀምጠው አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ከኪሳቸው ብዕር አወጡ። ሊፈርሙ ነው ብለን ስንጠብቅ አንድ ቃል ላይ አቆሙና ፊደሉን ሰርዘው አስተካከሉት።

«ሥዕል በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፍ» አሉ። «የቀረው ደህና ነው።»

አሠልጣኛችን ሳቁ፤ የኔታም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላውቅም ነበርና መሬቱን አየሁ። ከዚያ የኔታ የተመለሱትን ተማሪዎች በጣታቸው አሳዩን። መርጡለ ማርያም ያለው የድሮ ተማሪያቸው ታርቆ እንደመጣና ይህን ጊዜ እህሉን ለተማሪዎቹ እንደተቀበሉት ነገሩን። «አራት አልተመለሱም» አሉ። «አንዱ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። ከደምበጫ ወገን ነው። አእምሮው ስለት ነበር። አባቱ ወስዶት ቀረ።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እንዳላፍር ብለው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

በሌላው ዓመት ለሥራ ደምበጫ ወረድሁ። የገበያ ቀን ነበር። በፈረስና በባጃጅ በተጨናነቀው መንገድ መሃል አንዱን ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ። ሹፌሩ ጢሙ ገና የሚወጣ ጎረምሳ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር በግእዝ ይላል፤ ያቆማል፤ ቃሉን ለውጦ እንደገና ይላል።

«ቅኔ ነው?» አልሁት።

በመስታወቱ አየኝና አፈረ። «ተማሪ ነበርሁ፤ ደብረ ኤልያስ አካባቢ። አሁን እንዲሁ እንዳይጠፋብኝ ነው።»

የየትኛው መምህር ተማሪ እንደነበረ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ከፊታችን የቆሙት ፈረሶች አልተንቀሳቀሱም። ገበያው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ መሰለኝ።

«ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ነሽ?» አለ። «አባቴ እኮ ያን አይቶ ነው። ሁለት ቀን ለመንሁት፤ አልሰማኝም።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። መንገዱ ተከፈተና ነዳ። ከመናኸሪያው ስንደርስ ወረድሁ። እሱ ሞተሩን አላጠፋም።

«የኔታ ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው። ስላንተ ነግረውኛል።»

«ምን ብለው?»

«አእምሮው ስለት ነበር ብለው።»

ከዚያ አንዲት እናት ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው መጥተው «የኔ ልጅ፣ ወደ ላይ ትሄዳለህ?» አሉት። «ይግቡ እማማ» አላቸው፤ ዶሮዎቹን ተቀብሎ ከእግራቸው ሥር አደላደለላቸውና ወደ ሰዉ መሃል ገባ።